ውሃ ከፋዩ ተራራ

አዲስ አበባን የወለዳት ጦርነት አይደለም፤ ገበያም አይደለም። የቤተ መንግሥት ሰዎች የእንጦጦን ብርድ ሸሽተው ፍል ውሃ ሊታጠቡ ሲወርዱ ድንኳን የተከሉበት ሜዳ ነው ውሎ አድሮ ከተማ የሆነው። ዛሬ ደግሞ የዚያች ከተማ ነዋሪ የዕረፍት ቀን ሲመጣ ልጆቹን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ከ1879 ዓ.ም. ቁልቁለት እስከ 2013 ዓ.ም. ዳገት 134 ዓመት አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ሰው ወደ እንጦጦ የወጣው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ለዙፋን፣ ለማገዶ፣ ለጸበል፣ ለሩጫም ወጥቷል። ይህን ሁሉ ሳያውቁ በእንጦጦ ፓርክ ውስጥ መንሸራሸር ይቻላል፤ አውቆ ለሚንሸራሸር ግን ተራራው ሌላ ተራራ ነው።

ንጉሥ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ያመጡት በ1870ዎቹ ነበር። በዚያ ዘመን የሸዋ ንጉሥ አንድ ቦታ ብዙ አይረጋም፤ ማገዶና ግጦሽ ሲያልቅ፣ ዘመቻውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር፣ ከተማው አብሮ ይነሣል። ምኒልክም ከአንኮበር በኋላ በሌሎች ቦታዎች ሰፍረው ነው እዚህ የደረሱት። የእንጦጦ ከፍታ ዙሪያውን ለመቃኘትም ለመከላከልም ይመቻል። ከዚህ ሌላ ደግሞ የጥንት ነገሥታት ከተማ በዚያ ተራራ ላይ ነበረ የሚለው ትውፊት ነበር። አካባቢው የቆየ ታሪክ እንዳለው ለማየት ወደ የካ ኮረብታ ማቅናት ይበቃል፤ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ከምኒልክ ከተማ አስቀድሞ ኖሯል።

በተራራው ላይ የራጉኤልና የማርያም አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ። ስምንት ማዕዘን ያላት እንጦጦ ማርያም ከሁሉ የበለጠውን ቀን ያየችው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት የተባሉት በእርሷ ነው። ከጎኗ የቆመውን ቤተ መንግሥት ዛሬ የሚጎበኝ ሰው መገረሙ አይቀርም። በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የታነጸ፣ በኖራ የተለቀለቀ ቤት ነው። ዝቅ ባለው በር ጎንበስ ብሎ ገብቶ በጠባቡ መስኮት ወደ ውጭ የሚመለከት ልጅ፣ የአድዋው ንጉሥ እዚህ ይኖሩ ነበር ሲባል ቶሎ አያምንም። የአገሪቱ ቤተ መንግሥት ግን ያኔ ይህን ይመስል ነበር።

ችግሩ ብርዱ ነበር። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ነፋሱ አያርፍም፣ ክረምቱ መብረቅና በረዶ ይዞ ይመጣል፣ ሠራዊትና አሽከር የሚሞቀው እንጨት ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። ከተራራው ግርጌ ግን ከመሬት የሚፈልቅ ትኩስ ውሃ ነበር። የቱለማ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት በዚህ ሜዳ ከብቶቻቸውን ያጠጡ ነበር። የእንጦጦ መኳንንትና ወይዛዝርት ይህን ውሃ ለመድኃኒትም ለደስታም ወደዱት። መጀመሪያ ለቀናት ይወርዱ ነበር፤ ከዚያ ለሳምንታት መቆየት ጀመሩ። ድንኳኑ በዛ።

በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል ቦታውን ከሁሉም በላይ ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በሐረር ዘመቻ ላይ ሳሉ በፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት አሠሩ፣ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ መሬት ተመሩ፤ እያንዳንዱ ከነጭፍራው የሰፈረበት ጉብታ ሰፈር ሆነ። የራስ መኮንን ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ትዝታ ናቸው። የምኒልክ ግቢም ከፍል ውሃው በላይ ባለው ኮረብታ ተሠራ። ገላን ለመታጠብ የተጀመረ መውረድ የመንግሥት መቀመጫን ይዞ ወረደ ማለት ነው። ከታሪክ መጻሕፍት የሚበዙት ይህን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። ሆኖም የአዲስ አበባ መንገዶች ለምን ሽቅብና ቁልቁል እንደሚጠማዘዙ፣ ሰፈሮቿም ለምን እንደ ድንኳን ጣል ጣል ብለው እንደተመሠረቱ ለመረዳት ይህን ጅማሮ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከተማው ሲወርድ ግን የማገዶው ችግር አብሮት ወረደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባም እንደ ቀደሙት ሰፈሮች ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር፤ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበርና። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ችግኙን በ1880ዎቹ ወደ አገር ያስገባው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ምኒልክ ችግኝ በርካሽ እንዲዳረስ፣ ዛፉ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ለምሰሶ ይደርሳል። ስለዚህ አንዴ የተተከለ ኮረብታ ዕድሜ ልክ ያሞቃል። እንጦጦ ከላይ እስከ ታች ለበሰው። ዛሬ በፓርኩ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው አብዛኛው ዛፍ የዚያ የማገዶ ጭንቀት ልጅ ነው።

ማገዶውን ወደ ከተማ ያወረዱት ሴቶች ናቸው።

ከንጋት በፊት ይወጣሉ። የደረቀ ጭራሮና ቅጠል ይለቅማሉ፣ ያስራሉ፣ እስሩን በአግድም ጀርባቸው ላይ ያሳርፋሉ። ከራሳቸው ቁመት የሚረዝመው ሸክም በገመድ ከትከሻና ከደረት ጋር ይታሰራል። ከዚያ አገጭ ወደ ደረት ተደፍቶ፣ ዓይን ከእግር ጥቂት ርምጃ ወደ ፊት እያየ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ቁልቁለት ይጀመራል። መኪና ሲመጣ ሸክሙ መንገዱን ስለሚይዘው ጎን ለጎን ዞር ማለት ያስፈልጋል። ልጃገረዶችም አያቶችም በዚህ መንገድ ተመላልሰዋል። በከተማይቱ ሠፈሮች ሁሉ እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ ሥር የነደደው ቅጠል በእነርሱ ጀርባ የወረደ ነው። ኤሌክትሪክና ቡታጋዝ ከመስፋፋታቸው በፊት የአዲስ አበባ ምሳ በእነዚህ ሴቶች ላይ ቆሞ ነበር ብሎ መናገር ማጋነን አይደለም። ደን ጠባቂ ሲያገኛቸው የደከሙበትን ሸክም ይቀማቸው ነበር። ስማቸው በየትኛውም ሐውልት ላይ የለም። ፓርኩ ከተሠራ ወዲህ ከእነዚህ እናቶች መካከል በዚያው ሥራ ያገኙ አሉ፤ መልካም ነው። የመንገዳቸው ታሪክ ግን ልጆች ፈረስ በሚጋልቡበት ቦታ አንድ ሰሌዳ ይገባዋል።

ሌላው ሽቅብ የወሰደ ምክንያት ጸበል ነው። የእንጦጦ ማርያም ጸበል ለዘመናት ሕሙማንን ስቧል። ኤች አይ ቪ አዲስ አበባን ባጠቃበት ዘመን ግን ተራራው የመጨረሻ ተስፋ ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጎጆ ተከራይተው ለወራት ይቀመጡ ነበር። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን ይዛ መጣች። ገና ሳይነጋ ተሰልፈው ቀዝቃዛውን ውሃ ይጠመቃሉ። የቫይረሱ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙዎች ጸበል ከጀመርን በኋላ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው ብለው ፈሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ መጠመቅ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ብዙ ሕይወት አትርፏል። ከተራራው ታሪክ ውስጥ ከዘውዱ ቀን ጋር ሊቀመጥ የሚገባው ቀን አለ ከተባለ ይህ ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ለደስታ ብቻ የሚሄድበት ቦታ መቼ መጣ?

በሌላው ዓለም ይህ ልማድ ዓሣ ከሚታይበት መስታወት ጋርም የተያያዘ ነው። ለንደን ውስጥ በሬጀንትስ ፓርክ የእንስሳት ማኖሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ ለሕዝብ የተከፈተ የመጀመሪያው አኳሪየም ይባላል። በ1874 ናፖሊ፣ በ1896 ኒው ዮርክ ተከተሉ። የኒው ዮርኩ የተከፈተው ቀድሞ ስደተኞች ይመዘገቡበት በነበረው ካስል ጋርደን ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጆቹን ባልቲሞር ወዳለው ትልቅ አኳሪየም ይወስዳል። አትላንታ ያለው ደግሞ በ2005 ወደ ተከፈተውና በዚያን ጊዜ የዓለም ትልቁ ወደነበረው ጆርጂያ አኳሪየም ይሄዳል፤ ልጆቹም ከመስታወቱ ወዲህ ቆመው ዌል ሻርክ ከራሳቸው በላይ ሲያልፍ ያያሉ። እነዚያው ልጆች ክረምት ላይ አያቶቻቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሲመጡ የዓሣው ቤት የት ነው ብለው ቢጠይቁ አይገርምም።

የአዲስ አበባ ልጅ ያየው አንበሳ ነው። በ1940 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በስድስት ኪሎ ያቋቋሙት አንበሳ ግቢ ለብዙ ትውልድ የመጀመሪያው ሽርሽር ነበር። አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች ተይዘው መጥተው ከእነርሱ ሌሎች ተወለዱ። ልጆች በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው በፍርግርጉ አሻግረው ያዩ ነበር። አንበሳ ሲያገሳ ጎረቤቶቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከማደሪያቸው ይሰሙ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት ከግቢው 15 አንበሶች የዘረ መል ናሙና ወስዶ ሲመረምር በሌላ ቦታ ካሉት አንበሶች የተለዩ ሆነው አገኛቸው፤ የወንዶቹ ጥቁር ጎፈርም ከአንገት አልፎ ደረትና ሆዳቸውን ይሸፍናል። ስንቱ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት ለውዝ እየቆረጠመ ያለፋቸው እንስሳት ለሳይንስ ብርቅ ነበሩ።

ውሃ ለማየት ደግሞ ከከተማ መውጣት ነበረበት። አቅም ያለው ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሶደሬ ይሄዳል። አሥመራ ድረስ የሚጓዝ ቤተሰብ ካለ ምጽዋ ወርዶ ባሕር ይነካ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን የባሕሩ ሽርሽር ለአብዛኛው ሰው ቀረ። ሶደሬ ከሁሉም የሚወደደው ትኩሱ ውሃና ዋናው ስላለ፣ ጦጣዎቹም ምሳ ስለሚቀሙ ነው። ከአጠገቡ የሚፈሰው አዋሽ ነው። ጥቂት ሰው ነው ይህ ወንዝ የእንጦጦን ውሃም ይዞ እንደሚወርድ የሚያስበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜኑ ፊት የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከዚያ ወደ አባይ ይገባል፤ ማለቂያው ሜዲትራኒያን ነው። በደቡቡ ፊት የወረደው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔ ወንዞች ከተማዋን አቋርጦ አቃቂን ይመሠርታል፤ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ወዳለበት አባ ሳሙኤል ይደርሳል፣ አዋሽ ውስጥ ይገባል፣ በቆቃ አድርጎ በሶደሬ ያልፋል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በአንድ ሸንተረር ላይ እግሯን ከፍታ የቆመች ልጅ አንዱ እግሯ በአባይ፣ ሌላው በአዋሽ ተፋሰስ ላይ ነው።

እንጦጦ ፓርክ በዚህ ሸንተረር ላይ ነው የተሠራው። ገበታ ለሸገር ከተባለው ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ሲሆን ወደ 1,300 ሄክታር የሚደርስ ስፋት አለው፤ የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዓመት በፊት፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው ያሠሩት ታላቁ ቤተ መንግሥት አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። በታሪክ ፊት የሚገርም ጥምረት ነው፤ ነገሥታቱ የለቀቁትም የሰፈሩበትም ቦታ በአንድ ዓመት ልዩነት የቤተሰብ መዝናኛ ሆኑ። በእንጦጦ የብስክሌትና የእግር መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሸለቆ መሻገሪያ፣ ምግብ ቤትና ካፌ፣ መጻሕፍትም አሉ። ሯጮቹ ግን ከሁሉም ቀድመው ነበሩ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሰሉ አትሌቶች በዚህ ከፍታ ላይ ሳንባቸውን ያሠለጠኑት መንገዱ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ነው።

ከፓርኩ በፊትም ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ቅርስ ወዳድ ዜጎች በማኅበር ተሰባስበው ባሕር ዛፉን በጽድ፣ በኮሶና በወይራ ለመተካት ለዓመታት ደክመዋል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፤ ሥሩም ሌላ ተክል አያስጠጋም። አገር በቀሉ ዛፍ ሲመለስ ምንጩም ወፉም ይመለሳል። ዓይን ላለው ጎብኚ እንስሳውም በነጻ ይታያል። ምንቃሩ ወፍራምና ጎባጣ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ የሆነው ትልቁ ቁራ በኢትዮጵያና በዙሪያዋ ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው። ካፌ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ፍርፋሪ ሲጠብቅ ሰው ተራ ቁራ መስሎት ያባርረዋል። ወላጅ ለልጁ ስለዚህ ወፍ አንድ ደቂቃ ቢነግረው፣ ያች ደቂቃ ከብዙ ፎቶ ትበልጣለች።

እዚህ ላይ ለፓርኩ አንድ ነገር መመኘት ተገቢ ነው። የዓሣ ቤት በአዲስ አበባ ይሠራ ቢባል፣ ሊሠራበት የሚገባው ቦታ ይህ ውሃ ከፋይ ሸንተረር ነው። በአንድ ጎን የአባይ፣ በሌላው የአዋሽ ውሃ ዓሦች ቢቀመጡ ማሳያው በራሱ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ከውጭ ሻርክ ማምጣት አያስፈልግም። ጣና ብቻውን ይበቃል። በጣና ሐይቅ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ15 ያላነሱ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ለይቶ ስላቆያቸው በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው ወጡ። ከእነዚህ ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው። የሚገርመውም ይህ ነው፤ የእነርሱ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም። ያለ መንጋጋ ጥርስ አድነው ይውጣሉ። አፋቸው፣ የጭንቅላታቸው ቅርጽ፣ ዓይናቸው እንዴት እንደተለወጠ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለአንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከመጽሐፍ ብዙ ገጽ ይሻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሲያጠኗቸው ዓለም ተደነቀ። የጣና ዓሣ አጥማጆች ግን ልዩነታቸውን ከዚያ በፊት ለይተው ያውቁት ነበር።

እነዚህ ዓሦች ለመራባት በክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ፤ አጥማጆችም በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው ይጠብቋቸዋል። ቁጥራቸው በጣም ቀንሷል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭም አልረዳቸውም። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ እነዚህን በዓይኑ አይቶ ካላወቀ፣ ነገ ስለ መጥፋታቸው ሲነገረው ምን ይሰማዋል?

እስከዚያው ዓሣ በቅርብ ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ሀዋሳ ይሄዳል። በሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ማለዳ ጀልባዎች ይጠጋሉ፤ አጥማጆች መረባቸውን ያራግፋሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ ሰፌድ ላይ ይዘረገፋል። ዓሣ የሚከትፉት ወጣቶች በፍጥነት ይላጡታል፤ የልጅ ቁመት የሚያህሉ አሞሮች ትርፉን ለመቀማት እግራቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ። አምባዛው ጢሙን እያንቀሳቀሰ ከውሃ ውጭ ለረጅም ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልጆቹም ለምን እንደማይሞት ይጠይቃሉ። በጉሮሮው አጠገብ አየር የሚስብበት ሌላ አካል አለው። መልሱን አጥማጁ ራሱ ይነግራቸዋል።